እንፋሎቱን ያልፈሩት ሴት

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ግድግዳው ስስ ነው። ባለፈው ሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከጎረቤት ማጀት የጓያ ንፍሮ ሽታ መጣ፤ እርጥብ አፈርና ያረረ ገለባ አንድ ላይ የታመሱ የሚመስል ሽታ ነው፣ ባቄላም ሽምብራም እንዲህ አይሸቱም። ሳላስበው አንገቴን ወደ ጎን አዞርኩ። ኬሚስትሪ የማስተምር ሴት ነኝ፣ በእንፋሎት ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አሳምሬ አውቃለሁ፤ አንገቴ ግን ደንቢያ ያደገ አንገት ነውና ከእኔ ቀድሞ ዞረ።

ቤታችን ከቆላ ድባ ገበያ አልፎ፣ ሜዳው ወደ ጣና በሚዘቀዝቅበት በኩል ነበር። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መስከረም ሲጠባና ውኃው ከማሳው ፈቀቅ ሲል፣ ወንድሜ ጌትነት በሬዎቹን ጠምዶ ጓያ ይዘራ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሞፈሩን የያዘው እሱ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ያባታችን ታላቅ ወንድም አያ ተበጀ የምናድረው በእሱ ክንድ ነበር። ጤፍን በረዶ ይመታዋል፣ ሽምብራን ትል ይበላዋል፤ ጓያ ግን ዝናብ ቢቀርም ቢበዛም፣ ማንም ሳይንከባከበው ያፈራል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው።

የሚፈራው ደግሞ ሰው ስለሚሰብር ነው። አያ ተበጀን ጓያ ሰብሮት፣ ጉልበቶቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ በሁለት ዱላ ነበር የሚሄደው። ምን አገኘህ ሲሉት፣ «የጓያ ድስት ሲከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ እንፋሎቱ ጉልበቴን አገኘው» ይል ነበር፣ የአገሩም ሰው እንደዚያው ያምን ነበር። እናቴ ጓያ ስትቀቅል እኛን ወደ ውጭ አስወጥታ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና፣ ፊቷን አዙራ ነበር ክዳኑን የምታነሳው። ኅዳር ላይ አበባው ሲፈካም ጠዛው ሳይረግፍ በማሳው መካከል የሚያልፍ አልነበረም። ቆሎው ግን እንፋሎት የለውምና አይፈራም፤ እሸቱም እንደዚያው። ስለዚህ ጌትነት ኪሱን በጓያ ቆሎ ሞልቶ እርሻ ይውል ነበር። ከንፍሮው የሚተርፈውንም ውኃ እናቴ ጨው ጣል አድርጋ፣ «ጉልበቱ ውኃው ላይ ነው፣ ጠጣ» እያለች የምትሰጠው ለእሱ ነበር፤ የሚያርሰው እሱ ነዋ።

በረዶ ጤፉን የደበደበ ዓመት መጣ። ከፋሲካ ጀምሮ ጎታችን ውስጥ ከጓያ በቀር ምንም አልነበረም፤ ጠዋት ቂጣው፣ ቀን ቆሎው፣ ማታ ንፍሮው ጓያ ሆነ። ክረምቱ ሲበረታ አንድ ጠዋት ጌትነት ቀንበሩን ተሸክሞ ደጃፉን ሲሻገር ቀኝ እግሩ ታጠፈበትና ተንገዳገደ፣ ቀና ብሎም ሳቀ።

«ዋልካው ያዘኝ» አለ።

ደጃፉ ላይ ዋልካ አልነበረም፣ እናቴ አመድ ደልድላበታለች። አያ ተበጀ መደቡ ላይ ተቀምጦ ያየው ነበር፤ ዱላዎቹን አንስቶ ከጀርባው ደበቃቸው። ጌትነት ከተሰበረ መሬቱን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ በሬዎቹ ይሸጣሉ፣ እኛም ከሰው ደጅ እንወድቃለን፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ከእናቴ ዝምታ ነው የሰማሁት።

ዶክተር ሱሮማ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ከሕንድ አገር፣ ከቤንጋል የመጡ ሳይንቲስት እንደሆኑና ጎንደር ከተማ እንደሚያስተምሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት፣ ማኪናቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው የሚመጡ አጭር ጠይም ሴት ነው። ከእሳቸው በፊት የመጡ ሰዎች «ጓያ አትብሉ» ብለው ተመልሰዋል። እናቴ እሳቸውንም ከእነዚያው ቆጥራ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው፣ እርስዎም አትብሉ ሊሉን ነው? ምን እንብላ፣ ዋልካውን?»

«እኔም በልቼ ነው ያደግሁ» አሉ በተሰባበረ አማርኛ። «አንቺ እንዴት ትሠሪያለሽ? አሳዪኝ።»

እንዴት ትሠሪያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እናቴ ግራ ገብቷት አስገባቻቸው። ድስቱ እየፈላ ነበር፤ ነጠላዋን ስትከናነብ ለምን እንደሆነ ጠየቋት፣ እሷም ስለ እንፋሎቱ ነገረቻቸው። ዶክተር ሱሮማ በደንብ አዳመጡ፣ አልሳቁም። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በእጄ ላይ አስቀመጡ፣ ክዳኑን አነሱና ፊታቸውን እንፋሎቱ ውስጥ አስገብተው በረጅሙ ሳቡት።

እናቴ በስመ አብ እያለች ወደ ግድግዳው ሸሸች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ወደ ኋላ አፈገፈገ። አያ ተበጀ ብቻ፣ «ይህች ሴትዮ ባገሯ ሰባሪ አጥታ ነው እዚህ ድረስ የመጣችው?» ሲል ሰማሁት። እሳቸው ፊታቸው ላብ ብቻ እስኪሆን ቆይተው ቀና አሉና፣ «ነገ በእግሬ እመጣለሁ፣ እዩኝ» አሉ።

«ቃሬዛ እንላክ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

በማግስቱ ማለዳ መንደሩ እንዳለ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆመ። ዶክተር ሱሮማ ከቆላ ድባ በኩል፣ ያን ሁሉ ጭቃ እያቋረጡ በእግራቸው መጡ፣ እኛ ልጆቹም ከኋላቸው ተሰልፈን ፊታቸውን ትተን እግራቸውን እያየን ተከተልናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀንም መጡ፣ ሳምንቱንም ሙሉ ተመላለሱ። እኔ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ሲያስረዳ አይቻለሁ፤ በገዛ አካሉ ያስረዳ ሰው ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ሰው ሁሉ ካመናቸው በኋላ ነው የቀረውን የነገሩን። እሳት ዳር ቁጢጥ ብለው፣ «መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው። አየር ላይ አይወጣም፤ ውኃ ይወዳል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል» አሉ። «ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊ። ቀቅይው፣ ውኃውን ድፊ። ቆሎው አይሁን። ሌላ እህል ካገኘሽ ቀላቅይበት።»

እናቴ ወደ ጌትነት አላየችም፣ ድስቱን ነበር የምታየው። ለልጇ መርጣ፣ ከሁላችን ለይታ ያጠጣችው ያን ውኃ ነው። ደግሞም በችጋር ጊዜ ከድስት የወጣን ነገር መድፋት በአገራችን ነውርም ኃጢአትም ነው፤ እጇ የድስቱን ጆሮ ይዞ ቀረ። ያን ጊዜ የተናገረው አያ ተበጀ ነው።

«ድፊው አንቺ» አለ። «እኔ እንፋሎት እላለሁ እንጂ፣ በተሰበርኩበት ክረምት ውኃውን ስጠጣ ነው የከረምኩ።»

እናቴ ወጣችና አመዱ ላይ ደፋችው።

ጌትነት፣ «እድናለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አትድንም» አሉት። «የሄደው አይመለስም። የቀረህን እንጠብቅ።»

ዛሬ አገሬው ይህን ሲያወራ ሕንዳዊቷ ጌትነትን ፈወሱት ይላል። አልፈወሱትም። ቀኝ እግሩ እንደደረቀ ቀርቷል፤ ግራው ግን አልተከተለውም። በዚያው መስከረም አንድ ዱላ ቆርጦ፣ በአንድ እጁ እሱን፣ በአንድ እጁ እርፉን ይዞ አረሰ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ለእኔም ከፈውሱ ወሬ ይልቅ እውነቱ ይበልጥብኛል።

ኅዳር ላይ ማሳው ሰማያዊ ሲሆን ተመልሰው መጡ። በጠዛው መካከል አብሬያቸው ገባሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ ሲረጥብ እግሬን እያየሁ። ስለ ራሳቸው የነገሩኝ ያኔ ነው። በአገራቸው ጓያ ኬሳሪ ይባላል። አባታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ ነበሩ፣ የድካማቸውንም ዋጋ በኬሳሪ ይቀበሉ ነበርና እንደ አያ ተበጀ ተሰበሩ። ቆሞ ማረስ ሲቀርባቸው ደጅ ተቀምጠው ልጃቸውን ፊደል አስቆጠሩ። ዶክተር ሱሮማ ትልቁ ትምህርት ቤት ሲደርሱ ሴት ላቦራቶሪ አትገባም ተባሉ፤ ብርጭቆ አጣቢ ሆነው ገቡና እያጠቡ፣ እያዩ፣ ቆይተውም በዚያ ቤት በስሟ ምርምር የጻፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይህን ሁሉ የሚናገሩት አበባውን እያገላበጡ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው። 

ጥር ላይ፣ ጓያው ሲወቃ፣ ከየአውድማው አንድ አንድ እፍኝ ለምነው ወሰዱ። እናቴ ሲሄዱ እያየች፣ «ያቺ የሽባ ልጅ የጓያን ሆድ ካነበበች የኔዋ ምን አነሳት» አለች። ከመስከረም ጀምሮ ቆላ ድባ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ጡት ያጎጠጎጥኩ ልጅ ከሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ዛሬ የሚያስተምሩን እርስዎ ነዎት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም፣ «አዎ፣ ዝም በሉ» እላቸው ነበር።

ለከፍተኛ ትምህርት ጎንደር ስደርስ ዶክተር ሱሮማ አርጅተው ነበር። መርዙ ያነሰ ዘር ፍለጋ ዓመት ከዓመት ያዳቅላሉ፣ ይዘራሉ፣ ይለካሉ፤ ድርቅ ሲመጣ በቀነሰው ዘር ውስጥ መርዙ እንደገና ይጨምራል። «ተክሉ ከእኔ ይልቅ ያውቃል» ብለው እንደገና ከሥሩ ይጀምሩ ነበር። ያረፉት በአገራቸው ነው፤ ሥራው አላለቀም፣ እኛ ተማሪዎቻቸው እየቀጠልን ነው።

ጌትነት ዛሬ ሽበታም ሰው ነው፤ ሁለተኛ ዱላ ይዞ አያውቅም። በዓል ሲሆን እሄዳለሁ፣ ከገበያው እስከ ቤት አብረን እንሄዳለን። ልጅ ሳለሁ እሱ ከፊት ሲራመድ እኔ ለመድረስ እሮጥ ነበር፤ አሁን እርምጃዬን የማሳጥረው እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ነቅቶብኝ፣ «አንቺ እለፊ፣ እደርሳለሁ» አለኝ። ቀድሜው ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ቆየ፣ በገዛ እግሩም ደረሰ።