የውጭው ቀለበት

ባለመኪናው ሐጂ ዩሱፍ፣ ጫት ነጋዴዋ ፋጡማ፣ ሹፌሩ እኔ። ሦስታችንን ያስታወሰኝ ልጄ ናሆም ነው። ዛሬ ጠዋት የሚኒባሱን የፊት ጎማ ፈቶ ኩሽኔታ ሲቀይር፣ «የውጭውን ቀለበት ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ውስጡን ብቻ ቀይሬ ልውጣ» አለኝ።

እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ተብያለሁ። ሸዋ በር መናኸሪያ ነበርን፤ ክረምት ነው፤ በለስ በየጋሪው ተከምሯል፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ይጠብሳል። ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ ሰው ሞልተን፣ የፋጡማን ጫት ጭነን ስንነሳ የፊት ጎማው ጮኸ። ሐጂ አዲስ ኩሽኔታ አስገዙ። አሮጌውን አውጥቼ ጎማው መሀል ተጣብቆ የቀረውን የውጭውን ቀለበት ስዳስሰው ጥፍሬን ያዘኝ። ተበልቷል።

ሥራውን ያስተማረኝ የለም። ጋራዥ የጣለውን ኩሽኔታ እየለቀምኩ፣ የትኛው በምን እንደተበላሸ ቤቴ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አዲስ ብረት በተበላ ቀለበት ውስጥ ግሎ ጎማ እንደሚያስወልቅ አውቃለሁ። ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን የደንገጎንም ቁልቁለት አውቃለሁ።

«አዲሱን ቀለበት ኪስህ ክተተውና ጎማውን ግጠም» አሉ ሐጂ።

«አልገጥምም። ቀለበቱም ይቀየራል።»

«እሱ እስኪወጣ ይመሻል። አሮጌውን ማን ያየዋል?»

«ደንገጎ ላይ እርስዎም ያዩታል ሐጂ።»

ፋጡማ በመስኮት ብቅ አለች። «ይሄ ልጅ ጫቴን ለፍየል ሊያበላው ነው። ወላሂ፣ ሌላ ሹፌር ጠፋ?» ተሳፋሪው ሳቀ።

«ሞልቷል» አሉ ሐጂ። «አንተ፣ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ።»

ቁልፉን ሰጠኋቸውና ሄጄ የተፈታው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። የፈለገ ሹፌር ቢመጣ በሦስት ጎማ አይነዳም።

ሰደቡኝ፤ ለመኑኝ፤ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ሐጂ፣ «መዶሻውን ስጡት» አሉ። ቀለበቱ ዝጎ ስለነበር ቀትር ላይ ነው የወጣው። አዲሱን አስገብቼ፣ ግራሶ ሞልቼ ገጠምኩ፤ ቁልፉን ተቀብዬ ነዳሁ። ድሬዳዋ ደርሰን የጎማውን መሀል ስነካው ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ጫቱ ግን ጠውልጎ ነበር። ሐጂም የወሩን ደመወዝ ሳይከፍሉኝ ማታውኑ አሰናበቱኝ።

«ታዲያ ልክ መሆንዎን በምን አወቁ?» አለ ናሆም ይህን ስነግረው።

አላወቅሁም። ያልወለቀ ጎማ ምስክር የለውም። በሥራው መመስገን የሚፈልግ ሰው የሰው ነፍስ የተሸከመ ጎማ ባይነካ ይሻላል። ዛሬም ቢሆን እቀመጥበታለሁ፤ ናሆም ይህን ስለሚያውቅ መዶሻውን አንስቷል።

የፋጡማ ጫት፣ የሐጂ የግማሽ ቀን ገቢ፣ የእኔ የወር ደመወዝ፤ ቢደመር ሰባት መቶ ብር። ሦስታችንም በሕይወት ሆነን ከፈልነው።