ድኩላ ያስገደለው ማመልከቻ

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምሕረት ልለምንበት አይደለም። የሰፈሬ ሰው ግማሹ እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚነፍገኝ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሌላ አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

መካነ ሰላም ላይ ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ከተደረደሩት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ነበርኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና በሸራ የጋረድኳት ጥላ ነበረችኝ። የድንበር ክርክር፣ የቀለብ ክስ፣ የውርስ ጣጣ፣ ያልጻፍኩት የለም። የምኮራበት ነገር ቃል ማክበድ ማወቄ ነበር። ገበሬው «በሬዬን ወሰደብኝ» ሲለኝ «ከሕግ አግባብ ውጭ በማን አለብኝነት ነጥቆኛል» ብዬ እጽፍለታለሁ። ሳነብለት ራሱን እየነቀነቀ «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። በዚያ ሙያ ብዙ ዓመት እንጀራ በላሁ፤ ቃል ሰው እንደሚያቆስል አውቅ ነበር፤ ደም እንደሚያፈስ ግን አላውቅም ነበር።

ቤቴ በከተማው ዳር፣ አዲሱ ሰፈር ነው። ከቤቶቻችን ጀርባ ቁልቁል የሚወርድ የጥድና የኮሶ ደን አለ። ድኩላ በዚያ ደን ድሮም ነበረ፤ ቦታ ተመርተን ወደ እሱ የተጠጋነው እኛ ነን። በበጋ ደኑ ውስጥ የሚበላው ሲመናመን፣ ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወደ ጓሯችን ብቅ ይሉ ጀመር። ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ቀንደ ጠምዛዛ ነው፤ ሴቷ ቀላ ትላለች፣ ቀንድም የላትም። ጎመኑን ከሥሩ ይነጩታል፤ የገብሱን ቡቃያ ይግጡታል። ውሻ ሲጮህባቸው አጥሩን ዘለው እልም ይላሉ።

ከሁላችንም የተጎዳችው የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ በጓሮዋ ጎመንና ሽንኩርት እያለማች ገበያ የምታወጣ፣ ምላሰ ስለታም ሴት ናት። አንድ ቀን ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆና ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የሰፈሩ የመጨረሻ ቤት የእሳቸው የሆነ፣ በግቢያቸው ልጆች ሰብስበው ቁርዓን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ሼህም አብረው ነበሩ።

«ወንድምዬ፣ ጻፍልን» አለችኝ። «ድኩላዎቹን ከጓሯችን ያርቁልን። ጠባቂ ያቁሙ፣ ለአጥር እሾህ ሽቦ ይስጡን፣ ብቻ ያርቁልን።»

ሼሁም ቀበል አድርገው፣ «ርቦት ነው የሚመጣ፤ እሱም የአላህ ፍጡር ነው። እንዳይበደል ብለህ ጨምርበት» አሉኝ።

በሆዴ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማመልከቻ ላይ አይጻፍም። «ያርቁልን» የሚለውም ቃል የልመና ቃል መሰለኝ፤ ክብደት የለውም። ስለዚህ በራሴ ብዕር እንዲህ አልኩ፦ «የዱር እንስሳቱ ከአካባቢያችን በአስቸኳይ እንዲወገዱልን በትህትና እናመለክታለን።» እያጣደፍኩ አነበብኩላቸው። መፈረም የሚችል ፈረመ፣ የማይችል አሻራውን አኖረ። እሷም አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ተጫነችበት።

ማመልከቻው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባ፤ ወር ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራን። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ኃላፊ ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር ስልኩን የሚያይ ሰው ነበር። ከወረቀት አነበበልን። በሕዝቡ ጥያቄ መሠረት ሁለት ተኳሾች ተመድበዋል፤ በየማክሰኞውና በየሐሙሱ ማለዳ ድኩላዎቹን ይመታሉ፤ ነዋሪውም በሥራው ላይ ትብብር እንዲያደርግ።

ጎረቤቴ ብድግ አለች።

«ማነው ግደሉልን ያለ? እኛ አርቁልን ነው ያልን!»

ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ ወረቀቱን ከፍ አደረገው። «ይኸው። ‹በአስቸኳይ እንዲወገዱልን።› ይህ አሻራ የእርስዎ አይደለም? ማስወገድ ማለት ምን መሰለዎት እናቴ? ስንቅ አስይዞ መሸኘት?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ ግን ወደ እሱ አላየችም፤ ዞራ እኔን አየችኝ። ተነስቼ የአጻጻፍ ስህተት ነው ልል ሞከርኩ።

«አንተ ምንድን ነህ?» አለኝ ኃላፊው። «ስህተቱን አንተ ከሠራኸው በሐሰት ሰነድ ትጠየቃለህ። ካልሠራኸው ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለኝ መጻፌ ሳይሆን ያን ጊዜ መቀመጤ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አሻራዬን ለግድያ አዋልከው» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ማንበብ የማልችል ብሆን ነው። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተኩሱ ተሰማ። በእነዚህ ዓመታት አገራችን ላይ ተኩስ ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለ ድኩላው የሚያውቀው የእኛ ሰፈር ብቻ ነው፤ ለቀረው ከተማ የነገረው የለም። የተከፈተ ሱቅ ተዘጋ። መናኸሪያ ሊወጣ የነበረ አውቶቡስ ተሳፋሪውን አራግፎ ቆመ። እናቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ ልጆቻቸውን ፍለጋ ሮጡ።

ቀጥሎ ከሼሁ ቤት በኩል የልጆች ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ቁርዓን ሲቀሩ የነበሩት ልጆች እንጨት ሰሌዳቸውን ጥለው በደረታቸው መሬት ላይ ተኝተዋል። በግቢው መካከል፣ ሼሁ ለሶላት እየታጠቡ ውዱእ ከሚያደርጉበት ድንጋይ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ድኩላ ወድቃለች። ጎኗን ተመትታ አጥሩን ዘላ ገብታ ነው። ትተነፍሳለች። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ እርጉዝ እንደሆነች ለማንም ግልጽ ነው።

ተኳሹ ተከትሎ መጣ። ረጅም፣ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሚሊሻ ነው። ሼሁ ከነምርኩዛቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቤቴ የገባ እንግዳዬ ነው። አትገባም» አሉት።

«አባቴ፣ ታዝዤ ነው። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ይልቀቁኝ።»

«እስከ ዛሬ የማንም አልነበረችም፤ ልትሞት ስትል ነው የመንግሥት የሆነችው?»

ገፋቸው። ጥምጥማቸው ወልቆ አፈር ላይ ወደቀ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ከድኩላዋ ይልቅ ለሼሁ አለቀሱ። ተኳሹና ጓደኛው ድኩላዋን የኋላ እግሮቿን ይዘው ሲጎትቷት ራሷ በድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ሄደ። ጎረቤቴ በዚህ መካከል ደርሳ ነበር። ከሁላችንም በላይ ጎመኗን የተበላች እሷ ናት። የድኩላዋን ሆድ አየች፤ ተኳሹ እግር ሥር ምራቋን እንትፍ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ መጥታ ጫማዬ ላይ ተፋችብኝ። አላበስኩትም።

ሥጋው ተቀብሯል ተባለ። ጉድጓዱን ያየ ግን አልተገኘም። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አይነካውም። «ታዲያ ማን ቤት ገባ?» የሚል ወሬ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናፈሰ። እውነቱን አላውቅም። ሰው ግን ያን ሳምንት ኃላፊውን ሲያይ ጥርሱን ይጎረጉር እንደሆነ ያይ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የሰፈሩ ሰው በሼሁ ግቢ ተሰበሰበ። እኔም ሳልጠራ ሄድኩ። አዲስ ማመልከቻ ልጻፍ፣ የበፊቱን ላፍርሰው አልኩ።

«እንዳትነካው!» አለች ጎረቤቴ። «ብዕርህን ከእኛ አርቅ። ደግሞ ምን ልታስገድል?»

ብዙዎቹ ደገፏት። አንዱማ በአንገቴ ይዞ ሊያስወጣኝ ተነሳ። ሼሁ እጃቸውን አነሱ።

«ያፈረሰ ይገንባ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያልነውን ብቻ ጻፍ። ያላልነውን እንዳትጨምር።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ተጨንቄ ጽፌ አላውቅም። እነሱ እያሉ እኔ እንዳለ አሰፈርኩ። «ጎመናችንን በልተውብናል። ቢሆንም አትግደሏቸው። ልጆቻችን ተኩስ ፈርተዋል። አጥር ስጡን።» ይኸው ነው። ስጨርስ ጎረቤቴ ወረቀቱን ከእጄ መንጭቃ፣ ፍርድ ቤቱ በር ከእኔ አጠገብ የሚቀመጠው ጸሐፊ ዘንድ ወሰደችው። ያ ሰው ሥራ ሲሻማኝ የኖረ ባላንጣዬ ነው። ቃል በቃል ሦስት ጊዜ አነበበላት፤ እየሳቀ፣ እኔን እያየ። ሦስተኛውን ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ነው አሻራዋን ያኖረችው።

ሼሁ፣ እሷና እኔ ሆነን ይዘነው ገባን። ኃላፊው እንድንቀመጥ እንኳ አላለንም።

«ትናንት ግደሉ፣ ዛሬ አትግደሉ! መንግሥት የእናንተ መጫወቻ ነው? ሥራው ታቅዷል፣ ጥይት ወጪ ሆኗል።»

«ጥይቱን መልሱት» አሉት ሼሁ ረጋ ብለው። «ጥይት እንደ ጎመን አይጠወልግም።»

ኃላፊው እሳቸውን ትቶ እኔን ያዘ። «አንተ ነህ የምታነሳሳቸው። ለመሆኑ ያቺ የምትቀመጥባት ቦታ ፈቃድ አላት?»

በማግሥቱ ከተኳሾቹ ጋር ደንብ አስከባሪዎችም ወጡ። ተኳሾቹ ወደ ደኑ ሄደው ሁለት ድኩላ ጣሉ። ደንብ አስከባሪዎቹ ጠረጴዛዬን፣ አግዳሚዬንና ሸራዬን መኪና ላይ ጫኑ። አጠገቤ የነበሩት ጸሐፊዎች ሁሉ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ፤ «ምን አደረገ?» ያለ አንድም የለም። እኔም ለእነሱ እንዲያ ብዬ እንደማልጠይቅ አውቃለሁ፤ ንዴቴን ግን አልቀነሰልኝም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰፈሩ በሙሉ ሳይነጋ ወጥቶ ወደ ደኑ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። ክርስቲያኑ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ እስላሙ ሱብሂ ሰግዶ እንደወጣ፣ ሴቶቹ ከፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ተኳሾቹ ሲመጡ ማንም አልተነሳም። ባለጠባሳው ዞሮ በሌላ በኩል፣ ከቤቶቹ ጀርባ ገባ። ጭጋጉ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ተኮሰ። ድኩላውን ሳተው። ጥይቱ የአንድ ቤት ቆርቆሮ በስቶ፣ አራስ ከተኛችበት አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ከወለደች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። የግድግዳው ጭቃ ሕፃኑ ላይ ረገፈ እንጂ ሰው አልተነካም።

የአራሷ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰዉ ተነቅሎ ሄደ። የተኳሹ ጓደኛ ሮጦ አመለጠ፤ ባለጠባሳውን ግን ያዙት። ጠመንጃውን ነጠቁት፤ ዱላም ድንጋይም ወረደበት። እኔም ድንጋይ አንስቼ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ወርውሬ ትከሻውን አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛውን ልወረውር ስል ሼሁ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡና በላዩ ላይ ተደፉበት። ምርኩዛቸው ወድቋል። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» እያሉ ያጽናኑት ነበር፤ ያንን ጥምጥማቸውን አፈር ላይ የጣለውን ሰው። እሳቸውን መምታት የሚደፍር ስለሌለ ሰዉ እጁን ሰበሰበ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ «ሥራው ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። አራሷን መጥቶ የጠየቃት ሹም የለም። ኃላፊው ትንሽ ቆይቶ ወደ ከፍ ያለ ቦታ ተዛወረ፤ ሽኝት ተደርጎለት፣ ጋቢ ተሸልሞ ሄደ። ጠረጴዛዬ አልተመለሰም። አሁን ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የመጣውም ሁለቴ ካላስነበበ አይፈርምም። ጎረቤቴ ሰላም አትለኝም። የእኔን ደጅ ላለማየት ገበያ የምትሄድበትን መንገድ ቀይራለች።

ባለፈው ጥር ለጉዳይ ወደ ደሴ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ የቀረች አንድ ወንበር ነበረች። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አጠገቤ ያለው ያ ባለጠባሳ ተኳሽ መሆኑን ያወቅሁት። ሚሊሻነቱን ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ እየሄደ ነው። አወቀኝ።

«ሼሁ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ሂድና ጠይቃቸው።»

«ሄጄ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ብለውኛል። ዱዓም አድርገውልኛል።»

ደሜ ፈላ። ለእሱ ይቅርታ ተገኘለት! እኔ በዚያው ሰፈር እየኖርኩ አንዲት ሴት እንኳ እግዜር ይቅር ይበልህ አላለችኝም።

«እሳቸው ይቅር ይበሉህ» አልኩት። «እኔ ግን አላልኩህም። እርጉዝ ገድለሃል። ሽማግሌ ገፍትረሃል። አራስ ልትገድል ነበር።»

ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔ የተኮስኩት አንተ የጻፍከውን ነው» አለኝ።

ልቀይር ብል ወንበር የለም። ልውረድ ብል ጉዳዬ ይቀርብኛል። ፊቴን ወደ መተላለፊያው መለስኩ፤ እሱም ወደ መስኮቱ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ትከሻችን እየተጋጨ፣ ደሴ እስክንገባ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን።