የመግደላዊቷ ፀጉር

አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ቆዳና ቡና የሚነግድ አንድ ፈረንጅ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሙሴ እንለው ነበር። ከእንጨት ተጠርበው ቀለምና ወርቅ የተቀቡ፣ ከቅድመ አያቶቹ የወረሳቸው የካቶሊክ ቅዱሳን ነበሩት፤ ለእነሱ ብቻ አንድ ክፍል ለይቶላቸዋል። እኔ ቅዱስን በሥዕል እንጂ እንዲህ ቆሞ በመስታወት ዓይን ሲያፈጥ አይቼ ስለማላውቅ፣ መጀመሪያ አቧራቸውን የምጠርገው እያማተብኩ ነበር። ኋላ ለመድኳቸው። መግደላዊት ማርያም ግን ታሳዝነኝ ነበር። ከሰው ፀጉር የተሠራላትን ፀጉር ብል በልቶት ራሷ ተመልጧል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወባ ጣለኝ። ራሴን ስቼ ሰንብቼ ስነቃ፣ ወገቤ ድረስ ይወርድ የነበረው ፀጉሬ የለም።

«ለትኩሳቱ ቆረጥኩት። በእኛ አገር መድኃኒት ነው» አለኝ ሙሴ።

አመንኩት፤ አመሰገንኩትም። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ራሴን ስታይ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ለማን ሐዘን ተላጨሽ?» ብላ አለቀሰች።

ድኜ ወደዚያ ክፍል ስገባ መግደላዊቷ ፀጉር አብቅላለች። ከግንባሬ በላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አንዲት ነጭ ዘለላ ነበረችኝ፤ እሷም በመግደላዊቷ ትከሻ ላይ ወርዳለች። እኔ ግን እንደ ወትሮዬ አቧራውን ጠረግሁ።

ሙሴ በየዓመቱ በቅዱሳኑ በዓል ቀን የባቡሩን ፈረንጆችና የከተማውን ሹማምንት ጋብዞ ቅዱሳኑን ያስጎበኝ ነበር። ያን ቀን ጠበቅሁ። እንግዶቹ ክፍሉን ሲሞሉት ገብቼ ከመግደላዊቷ ጎን ቆምኩና ሻሼን ፈታሁ። ፀጉሬ ገና ማቆጥቆጡ ነው፤ ነጩ ግን ይታያል።

አንድ ሹም እኔንም እሷንም አየና፣ «ሙሴ፣ ይህ የማን ፀጉር ነው?» አለው።

ሙሴ ፊቱ ቀላ። እኔ መለስኩለት። ከመግደላዊቷ ራስ ላይ ፀጉሬን ይዤ ስጎትተው ከነሙጫው ተነቀለ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ። እናቴ ማንም መተት እንዳይሠራበት ብላ እሳት ውስጥ ከተተችው።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ከአርሲ በኩል ወተትና ቅቤ የሚያመጡት ሴቶች የሙሴን ደጅ ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ፤ እንቁላል እንኳ የሚሸጥለት ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከብኝ።

«ልጄ፣ ተጸጽቷል። ይቅር በይው» አሉኝ ሽማግሌው።

«አባቴ፣ እርስዎን አላሳፍርዎትም» አልኳቸው። «በዘይት እያሸ የሚያበጥረውን ጢሙን በገበያ ቀን፣ ሰው ፊት ይላጭ። ያኔ እታረቃለሁ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሙሴ ሲያንገራግር ሰንብቶ እሺ አለ። ገበያው መሐል በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጢሙ ሲወርድ አገጩ ትንሽ፣ የገረጣ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ። እሱ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«አሁንስ ታረቅሽ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ታርቄያለሁ» አልኩ፣ በአፌ። ልቤ ግን ገና ቅንድቡም እንዲላጭ ይመኝ ነበር።