የደም ምርመራ ፍርሃቴ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ዓረብ አገር፣ አል መጃዝ በሚባል ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ፣ መርፌው ገና ሳይነካኝ እጄን ሳብኩ። ነርሷ «ማማ፣ ትንሽ ደም ብቻ ነው» ብላ ሳቀች።

እሷ ምን ታውቃለች? በዘጠናዎቹ ዱባይ ስገባ ለመኖሪያ ፈቃድ ደም ሰጥተን ነበር። አብራኝ የመጣችው የደሴዋ ዘይነባ «ደምሽ ችግር አለበት» ተባለች። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነግሯት በማግስቱ ወደ አገር መለሷት። ሻንጣዋን ስትዘጋ «አሞኝ አያውቅም እኮ፣ ዋላሂ!» ትል ነበር።

የሚሰማኝን ድካምና ማዞር ለዓመታት የደበቅኩት ለዚህ ነው።

ከሰዓት ውጤቱን ልሰማ ተመለስኩ። ሐኪሙ «ስኳርሽ ከፍ ያለው ትንሽ ነው። ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊንሽ ግን በጣም በዝቷል፤ ሰውነትሽ ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ስላለ ቆሽትሽ አብዝቶ እያመረተ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በባዶ ሆድሽ ነይና እንደገና እናየዋለን» አለኝ።

«ዶክተር፣ ቪዛዬስ?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «ይሄ ለቪዛ አይደለም፣ እህቴ። ዓይንሽና እግርሽ እንዳይጎዱ ነው።»

ኸላስ፣ በቃ፣ አንዱ ፍርሃት ሄዶ ሌላው ተተካ! (ሻይዋን በአራት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣው አሠሪዬ ማዳም ናት፤ ስኳሩ የመረጠው ግን እኔን።)

አሁን ክፍሌ ገብቼም ልቤ አልተረጋጋም። ፈርቼ እንዳልቀር ለእህቴ ደውዬ የሦስት ወሩን ቀጠሮዬን ነግሬያታለሁ።

እናንተስ፣ ውጤቱን ፈርታችሁ የደበቃችሁት ሕመም አለ? በመጨረሻ እንዴት ደፍራችሁ ሄዳችሁ?