ባሌ ጀርባ ላይ የነበረው ቦርሳ

ባሌ ሱቅ የሚዘጋ ሰው አይደለም። ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች መንደር ውስጥ ካለችው ስፓዛችን፣ ከትንሿ ሱቃችን፣ ፊት ለፊት ሰልፈኛ ጎማ ሲያቃጥል እንኳ፣ ጭሱ እያሳለው በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ ሲያቀብል ያየሁት ሰው ነው። እና አንድ ቀን ማታ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ካለችው ክፍላችን ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ “ነገ ዘግተን ባሕር ብንሄድስ? ትንሽ እንረፍ” ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

“ምን በልተህ ነው የመጣኸው?” አልኩት።

አልሳቀም። “አንቺ ባሕር አላየሽም እኮ” አለ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ።

እውነቱን ነው፣ አላየሁም። ጆበርግ ከገባሁ ጀምሮ ኑሮዬ ከክፍሌ ሱቅ፣ ከሱቅ ቸርች፣ ከቸርች ክፍሌ ነው። እናቴ ግን ሆሳዕና አጠገብ ካለው ቤቷ በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነበር። ደቡብ አፍሪካ በውሃ የተከበበች መሆኗን አንድ ሰው ነግሯታል። “እስካሁን አላየሽውም? ጫፍ አለው ይላሉ፤ እውነት አለው?” ትለኛለች። “አይቼ እነግርሻለሁ፣ እማዬ፣ አትጨቅጭቂኝ” እላታለሁ። ያኔ እንደዚያ ነበር የምመልስላት።

በዚያው ሳምንት፣ ባሌ ይህን ከማለቱ በፊት፣ ደውዬ ስልኩን ያነሳችው እህቴ ነበረች። “እማዬስ?” ስላት፣ “ገበያ ሄዳለች” አለችኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። የኛ ገበያ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ ስደውል፣ “እንቅልፍ ይዟታል፣ አልቀስቅሳት” አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ “ቀስቅሻት፣ የደወልኩበት ካርድ የኔ ነው” ብዬ እጮህባት ነበር።

በኛ ሀገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ወሬው መጀመሪያ የሚመጣው ለባል ወይም ለጓደኛ ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። ሰውየው መብላቱን፣ መጠጣቱን፣ ማረፉን በዘዴ ያጣራሉ። ሰው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ይመጡና መርዶውን ያረዳሉ። እኔ ራሴ ለሌላው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ዮቪል ሰፈር ካሉት ፎቆች ኮሪደር ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሴቶቹ ጋር ተደርድሬ ቆሜ በሩ እስኪከፈት ጠብቄያለሁ። በሩን የምትከፍተው ሴት ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። “እንዴ! ምን እግር ጣላችሁ?” ትላለች። ያቺን ፈገግታ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳትም።

ስለዚህ ነገሩን አውቀዋለሁ። መርዶ ሊነገረው ላለ ሰው፣ ሰው ሁሉ ጣፋጭ እንደሚሆንለት አውቃለሁ። ወደ ባሕሩ ስንሄድ ባሌ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ ብርቱካን ልጦልኝ አያውቅም። “ብይ፣ የኔ እናት” አለኝ። ነዳጅ ማደያ በቆምን ቁጥር ደግሞ ስልኩ ይጠራል፤ እሱም ከመኪናው ወርዶ ከጎማ መንፊያው ጀርባ ሄዶ ያወራል።

ያረፍነው ከባሕሩ በላይ ኮረብታ ላይ ባለ የገጠር ማረፊያ ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው በውሻ የተሞላ ነው። ባለቤቷ አሮጊት ነጭ ሴት ናት። ጠዋት ቁርስ ስታቀርብ ሳልጠይቃት ሁለተኛ እንቁላል ጨመረችልኝ። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም። ከትናንት ማታ በፊት አይታኝ የማታውቅ ሴት!

“ምን ሆና ነው?” አልኩት ባሌን፣ በኛ ቋንቋ።

“ደግ ሴት ናት” አለ።

“ደግነቱ በዛ።”

ሻዩን አማሰለ። ስኳር ግን አላደረገበትም ነበር።

ግቢው ውስጥ አንድ ሰሌዳ ላይ የእግር መንገድ ተስሏል። ከቤቱ ጓሮ ይነሳል፣ በከብቶቹ ግጦሽ መሬት አልፎ ባሕር ይወርዳል፣ በአሸዋው ዳር ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ይሄዳል፣ ከዚያ በኮረብታው ዞሮ እዚያው ግቢ ይመለሳል። “እንዙረው” አለኝ። ሹራቤን ልፈልግ ክፍል ገባሁ። ከሻንጣው ሥር እጄ ለስላሳ ነገር ነካ። ነጠላዬ ነበረች፤ ለለቅሶ ብቻ የማወጣት፣ ተተኩሳ፣ ታጥፋ። ሻንጣውን ያዘጋጀው እሱ ነው። ነጠላ ይዞ ባሕር የሚሄድ ማን ነው?

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ነጠላዋ የለችም። ባሌ የጀርባ ቦርሳውን ዚፕ እየዘጋ ነበር። “ውሃ ነው የያዝኩት” አለኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ጉሙ ወፍራም ነበር። ከብቶቹን አላየኋቸውም፤ ሲተነፍሱ ግን እሰማቸዋለሁ፣ እዚህ፣ እዚያ፣ አንዳንዴ ክንዴ ሥር የሆኑ ያህል። የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ያ ቦርሳ። ባሌ ሲያዘነብል ያዘነብላል፣ ባሌ ሲቆም ይቆማል። ሱቅ ውስጥ አፉ የማይዘጋው ሰውዬ፣ ከደንበኛ ጋር በዙሉ ቋንቋ የሚቀልደው፣ ከኔ ጋር በሁሉ ነገር የሚከራከረው፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

እኔም ወገኖቼን መቁጠር ጀመርኩ። እህቴ ስልክ ታነሳለች፤ አለች። ወንድሜ በድምፅ መልእክት ልኮልኛል፤ አለ። አክስቴን ከበስተጀርባ ሰምቻታለሁ፤ አለች። ድምፁን የሰማሁትን ሁሉ እያወጣሁ ስሄድ፣ ድምፁን ያልሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ቀረ። “ዝም በይ አንቺ!” አልኩ፣ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። ባሌ ዞር አላለም። ሌላ ቀን ቢሆን፣ “ማንን ነው?” ብሎ በነዘነዘኝ ነበር። በዚያች ቅጽበት ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ከነቦርሳው ገደል ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር።

“ውሃ ልስጥሽ?” አለኝ በመጨረሻ። አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል።

“አልጠማኝም!” አልኩት። ውሃ ልጠጣ ካልኩ ዚፑ ይከፈታል። ዚፑ ከተከፈተ ደግሞ ሁለታችንም እናያታለን።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ባሕር የለም። የመጀመሪያው ማዕበል ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነጭ ጉም ነው፣ ድምፅ ብቻ። አሸዋው ላይ ላሞች ተኝተው ነበር። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል። አያመሰኩም፣ ጭራቸውን አይወዘውዙም፣ መምጣታችንንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

“ምንድን ነው የሚያዩት?” አለ ባሌ፣ በሹክሹክታ።

“እኔን ትጠይቀኛለህ? ያመጣኸኝ አንተ!” አልኩት። ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከአለቱ ላይ የሚለቀም የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ነገር በባልዲ ይዛለች። ከሻሿ እስከ ጫማዋ ጥቁር ለብሳለች። ከሱቄ ደንበኞች እንደማውቀው፣ እዚህ ሀገር ሰው የሞተበት ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ይለብሳል። “ሳውቦና፣ ማማ” አልኳት፣ በሱቅ ዙሉዬ። ሰላምታዬን አልመለሰችም። እኔን አየች፣ ባሌን አየች፣ ከዚያ ቦርሳውን አየች። ባልዲዋን ወደ ማዶ ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀች፤ ድንጋዩንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። “ህላላ ፓንሲ” አለችኝ። ይቺን አውቃታለሁ። አሮጊቶች ሱቃችን ሲመጡ ሣጥን አቅርቤላቸው የምላቸው ናት፤ ተቀመጪ ማለት ነው።

በኢየሱስ ስም! ለዚህች ሴት ማን ነገራት?

“እንሂድ፣ እንሂድ፣ ይመሻል” አለ ባሌ፣ ገና ረፋድ ላይ። ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። ኮረብታውን ስንጀምር ዞር ብዬ አየሁ። እጇ አሁንም ባዶው ቦታ ላይ ነበር።

ኮረብታው አናት ላይ የከብት መዝጊያ በር አለ። እዚያ ስንደርስ ጉሙ ተቀደደና ማረፊያ ቤቱ ከሥራችን ታየ። ዙሩ ሊያልቅ የቀረው አንድ ቁልቁለት ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ነጭ ኳንተም ቆሟል። የኋላ መስኮቷ ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነ ሚኒባስ በዚህ ሀገር አንድ ብቻ ናት፤ የቸርቻችን ናት። ከግድግዳው ጋር የቸርቹ እህቶች ነጠላቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። የቸርቹ ሽማግሌም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። ከጆበርግ እስከዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዱ ያደሩ ናቸው። አንድም ሰው አያወራም። አሮጊቷ ነጭ ሴት ወንበር እያወጣች ትደረድርላቸዋለች፤ ውሾቹ እንኳ አይጮሁም። ሁሉም ወደ ጓሮው፣ ወደተነሳንበት መንገድ ነበር የሚያዩት። እኛ በሌላ በኩል እንደምንመጣ አላወቁም።

አሁን ብወርድ፣ አፌ በገዛ ራሱ ተከፍቶ፣ “እንዴ! ምን እግር ጣላችሁ?” እንደሚል ገባኝ። ፈገግ ብዬ። ያቺ ሴት መሆን አልፈለግኩም። እዚያ ግቢ እስካልገባሁ ድረስ እናቴ ገበያ ሄዳለች።

“እንደገና እንዙር” አልኩት።

ባሌ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። “ሰዎቹ እኮ…” ብሎ ጀመረና ዋጠው። የሀገሩ ልማድ ነው። መርዶ ነጋሪው ሽማግሌው ነው፤ ባል ቀድሞ አይናገርም።

“ባሕሩን መች አየሁት?” አልኩት። “ላሞች ነው ያሳየኸኝ።”

“እሺ” አለ። በመጣንበት ተመለስን።

ጉሙ ተነስቶ ነበር። ባሕሩን ያኔ አየሁት፤ ሙሉውን፣ እስከ ሰማይ። ቃል ገብቻለሁና ለእናቴ ነገርኳት። “እማዬ፣ ጫፍ የለውም” አልኳት፣ ጮክ ብዬ። “ዋሽተውሻል። አሸዋው የሚሞቅ ይመስላል እንጂ ይቀዘቅዛል። ላሞቹ ዳር ላይ ይተኛሉ፣ የኛዎቹ ቢሆኑ ውሃውን ሲያዩ ይበረግጉ ነበር። ጨው ጨው ይሸታል። ትወጂው ነበር፣ ደግሞም ትሰድቢው ነበር።” ከፊቴ ያለው ቦርሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባሌ እያለቀሰ እየሄደ ነበር። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አሁንም ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው።

ጥቁር የለበሰችው ሴት እዚያው ናት። ቦታው አሁንም ባዶ ነው። ሄጄ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ሞቅ ብሏል።

“ውሃ ጠምቶኛል” አልኩት ባሌን።

አሸዋው ላይ ተንበረከከ። ቦርሳውን ከጀርባው አወረደ፤ ከተነሳን ጀምሮ ሲያወርደው ይህ የመጀመሪያው ነው። ዚፑን ከፈተው። ነጠላዋ ከላይ፣ ውሃው ከሥር ነበር። የቱን አስቀድሞ እንደሚሰጠኝ ግራ ገብቶት ሁለቱንም ይዞ ቀረ።

ውሃውን ተቀብዬ ጨረስኩት።

“በል አሁን ንገረኝ” አልኩት። “ከእነሱ በፊት አንተ ንገረኝ።”

“እማዬ…” አለ። ከዚያ በላይ አልቻለም፣ እኔም ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም። ሴትየዋ ነጠላዋን ከእጁ ወስዳ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ገልብጣ ነበር ያለበሰችኝ፤ የኛን አለባበስ ከየት ታውቀዋለች። አላስተካከልኩትም፤ እንደዚያው ለብሼ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ።