ኦኒላሂ የሚባል ወንዝ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔን ግን የማላውቀው አገር ወንዝ ነው ያንገፈገፈኝ። በጃንሆይ ጊዜ ቡታጅራ ስምንተኛ ክፍል ስማር፣ ከሰሜን የመጡት የጂኦግራፊ መምህራችን «ሚኒስትሪ ላይ ከማዳጋስካር ጥያቄ አይጠፋም» ብለው የደሴቲቱን ወንዞች በቃል አስያዙን። እሳቸውም ባሕር አይተው አያውቁ፣ እኛም አናውቅ። «ቤትሲቦካ» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤትማ ከቦካ ሰዉ የት ሊያድር ነው? እሳቸው ፈገግም አላሉ። ቀይ አፈር ተሸክሞ ነው የሚፈሰው፣ ጻፉ አሉን፤ ጻፍን።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃ እቀዳለሁ። ከዚያ አባቴ ሱቅ ገብቼ እስኪመሽ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ጣቴ ይለበልበኛል፣ ዓይኔን ካሸሁማ አለቀልኝ። እያስነጠስኩ ወንዞቹን እደግማለሁ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ግን እየመዘነ ያዳምጠኛል። አንዱን ስዘል «ከማንጎኪ በፊት ሌላ ነበር» ይለኛል። ወይ ጉድ፣ ከእኔ ቀድሞ ይዞታል!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንሴኖ ሽማግሌዎች መጡ፤ ለአንድ ነጋዴ ልጅ እኔን ሊጠይቁ ነው። አባቴ እሺ ካለ ትምህርቴ እዚያው ላይ አበቃ። ባል አግብታ ክፍል የተመለሰች ልጅ አይተን አናውቅም። እነሱ ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ፣ እኔ ከጆንያው ጀርባ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ወንዞቼን ያዝኩ። ፍርሃቱ ከድካሙ ጋር ተደምሮ አፌን አሰረውና አንዱ ወንዝ ላይ ስደርስ ቀጣዩ ጠፋኝ።

«ኦኒላሂ… ኦኒላሂ… ኦኒላሂ…»

አንደኛው ሽማግሌ ወሬያቸውን አቋረጡ። «ልጅቱ ምን ሆና ነው ወላሂ ወላሂ የምትለው?»

አባቴ ኦኒላሂ የወንዝ ስም መሆኑን አሳምሮ ያውቃል።

«እየማለች ነው» አላቸው። «ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም ነው የምትለው። እንግዲህ ወላሂ ያለችን ልጅ መሐላዋን አስፈርሼ፣ አላህ ፊት እኔ ልጠየቅበት?»

«አስታግፊሩላህ! ይህንንማ ማን ይደፍራል» አሉ ሽማግሌው። ዱዓ አድርገው ተነሡ።

ሲርቁ አባቴ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ገበያ ላይ ለአንድ ቁና በርበሬ እንኳ ወላሂ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሌላው ነጋዴ ሁሉ ሲምል እሱ ዕቃው ሳይሸጥ ይመለሳል እንጂ አይምልም።

«ዋሸሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዋሸሁልሽ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ አጥንቴ ድረስ ዝዬ ነበር። «አባባ፣ ደክሞኛል፣ ትምህርቱም ይቅርብኝ» ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኑን ሳይ ዋጥኩት። አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ጠርጌ፣ ወንዞቹን ከመጀመሪያው ጀመርኩ።