አቤት ያላለች እህት

መሬት ሊሸጥ ወደ ቢሮአችን የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድንበሩ አይደለም። «እህት አለህ ወይ?» እለዋለሁ። አለችኝ ካለ፣ ትምጣ እላለሁ። ስትመጣም ወንድሟን ወደ ደጅ አስወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ መሬቱ ሊሸጥ መሆኑን፣ ከተሸጠ እንደማይመለስ፣ የእሷም ድርሻ አብሮ እንደሚሄድ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። አንገቷን ብትነቀንቅ አይበቃኝም፤ በአፏ እስክትናገር እጠብቃለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ነገረ ፈጆች «እህት ጠያቂዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። «ዛሬስ ስንት ወንድም ደጅ አስጠናሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ይህን አሠራር ግን የጃንሆይ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም።

ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።

አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ «ተዝካሩን ላወጣ ነው፤ ነይ» ብሎ በነጋዴ ላከብኝ። ሕግ ተምሬ ጨርሼ ሥራ የጀመርኩበት ጊዜ ነበር። እስከ ጣርማ በር በአውቶቡስ፣ ከዚያ በበቅሎ ሞላሌ ደረስኩ። ወንድሜ ገበያው ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል፤ ትምህርት ቤት እንድገባ አባቴን የለመነልኝም እሱ ነው። እስከ ቤታችን ድረስ በእግሩ እየሄደ በቅሎዬን ሳበልኝ።

አባታችን የተወልን ከወንዙ በላይ ያለ የገብስ እርሻ ነው። በአገራችን ሴትም ወንድም ከአባት ርስት እኩል ድርሻ አለው፤ እኛ ግን ገና አልተካፈልንም ነበር። ወንድሜ ያርሰዋል፤ እናቴ ከእሱ ትበላለች። እኔም አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ተቀምጬ፣ ቢከፋኝ የምመለስበት መሬት አለኝ እያልኩ እኖር ነበር።

በተዝካሩ ዕለት ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ዳስ ገቡ። ዘመድ ከግሼም ከመርሐቤቴም መጥቷል። ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ልገባ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

«ዛሬማ ጓዳ የለም። አባትሽ ይቀመጥበት የነበረው ላይ ትቀመጫለሽ» አለኝ።

ከሽማግሌዎቹና ከአጥቢያ ዳኛው መካከል አስቀመጠኝ። አንድ አጎቴ «ሕግ ራሷ መጣች! ዛሬ ሰክሮ የሚሳደብ ወዮለት!» አሉ፤ ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

ተበልቶ ሲያበቃ ወንድሜ ተነሣ።

«ዘመዶቼ፣ ስሙኝ። ከወንዙ በላይ ያለውን እርሻ ለጎረቤታችን ልሸጥላቸው ነው። እኔ ልግዛው የሚል፣ ወይም አይሸጥም የሚል ዘመድ ካለ፣ አቤት ይበል።»

በእኛ ዘንድ ርስት ለባዳ ሲሸጥ ሥርዓቱ ይህ ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት ይነገራል፤ የሚቃወም እዚያው «አቤት» ይላል፤ ዝም ያለ እንደፈቀደ ይቆጠራል። በልጅነቴ ሳይ ግን እንዲህ የሚሉት ወንዶች ነበሩ። እኔ አቤት የምለው ስጠራ ብቻ ነው።

ዓይኔ እናቴን ፈለገ። ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ በርቺ እንደማለት አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ተናገሪ ትበለኝ ዝም በይ አልገባኝም። ልናገር ስል የተሰበሰበውን ሰው አየሁና ነጠላዬን እንደገና ወደ አፍንጫዬ ሳብኩት። ዳኛው «የለም?» አሉ። ቄሱ መረቁ። አለቀ።

ወንድሜን ከዳሱ ጀርባ፣ ጭድ ክምሩ አጠገብ አገኘሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ! ያውም በሰው ፊት።»

«ለብቻዬ ማለቴ ነው።»

«ለብቻሽ ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ። እኔ ሞላሌ ሱቅ ልከፍት ነው፤ አንቺ ደመወዝ አለሽ። አቤት ከማለት ማን ከለከለሽ? ሕግ የተማርሽውን አንቺን እኔ ላስተምርሽ?»

«ሰው ፊት እንደማልናገር ታውቃለህ።»

ከክምሩ ጭድ መዞ ይሰባብር ጀመር። ማወቁን ግን ፊቱ ላይ አየሁት። አባቴ ቦታ ላይ ያስቀመጠኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ነበር። «እዚያ ቁጭ ብላ ዝም አለች» ለማስባል።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ሄድኩ።

«አባቴ፣ እኔ አልፈቀድኩም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምነው ትናንት ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

«ፈርቼ ነው። ሕጉ የጋራ መሬት ባለድርሻው ሳይፈቅድ አይሸጥም ይላል።»

«ይበል እንጂ። ከጎኔ ተቀምጠሽ ዝም ማለትሽን ያየ ዳስ ሙሉ ሰው አለ። ከፈለግሽ አውራጃ ፍርድ ቤት ክሰሺ፤ ለዚያ አይደል የተማርሽው?» አሉ። ያሾፉብኝ አይመስለኝም።

ወደ ቤት ስመለስ በልቤ ክሱን እየጻፍኩ ነበር። ፈቃዴን የሚያሳይ ፊርማ የለም፤ መከራከሪያዬ ጠንካራ ነው። ምስክሮቹን ሳስብ ግን መጀመሪያ የመጣችብኝ እናቴ ናት። የተዝካሩን ጋኖች ስታጥብ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ስለ መሬቱ ፍርድ ቤት ብትጠሪ ምን ትያለሽ?»

እጇን ከውኃው አወጣች። «ወንድምሽ ተስማምታለች ብሎኝ ነበር። አንቺም ዝም አልሽ። ታዲያ ወንጌል መትቼ ምዬ ምን ልበል? ዝም ብላለች እላለኋ።»

«አልተስማማሁም ነበር።»

«ለኔ የነገርሽኝ አሁን ነው» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ብትካሰሱ እኔ ከየትኛችሁ ጋር ልኑር ነው የምትሉኝ?»

ክሱን እዚያው ጋኖቹ መካከል ተውኩት።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስኩበት ዕለት ወንድሜ ሊሸኘኝ አልወጣም። መንገዱ በእርሻው ጥግ ያልፋል፤ ገዢው ገና በማለዳ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያርሱ ነበር። ሲያዩኝ እርፉን ለቀው መጡና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። የተማረች እህት አለችው፣ ነገር ታነሣብሃለች ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ለካ ጨዋ ነሽ! አንዲት ቃል እንኳ ሳትናገሪ!»

ከልባቸው ነበር።

«እህሉን ይባርክልዎ» አልኳቸውና በቅሎዬን ነዳሁ።